ባንክ፦ የአንድ ቃል ሁለት መንገድ

ባንክ ለአማርኛ ተናጋሪ ገንዘብ የሚቀመጥበትና የሚበደሩበት ተቋም ነው። በእንግሊዝኛ ግን ይኸው ቃል የወንዝ ዳርቻም ነው፤ ባሕር ውስጥ የተከመረ አሸዋና አድማስ ላይ የተቆለለ ደመናም ይጠሩበታል። አውሮፕላን ለመታጠፍ ወደ ጎን ሲያዘነብል፣ ፍም እንዲያድር በአመድ ሲዳፈን፣ ሰው በሌላው ሲተማመን የሚነገረውም በዚሁ ቃል ነው። መዛግብተ ቃላት የወንዙንና የገንዘቡን ባንክ እንደ ሁለት ቃላት ለየብቻ ስለሚያሰፍሯቸው፣ ብዙ ተማሪ ድምፃቸው በአጋጣሚ የገጠመ ባዕዳን ይመስሉታል። የቃሉ ታሪክ ግን ሥጋ ዘመዳሞች መሆናቸውን ይመሰክራል።

ሥሩ እንግሊዝኛ ራሱ የበቀለበት የጥንቱ የጀርመናውያን ቋንቋ ነው። አንደኛው ቅርንጫፍ የጉብታን፣ የአፈር ድልድልን ትርጉም ይዞ በስካንዲኔቪያ ሰዎች በኩል ሳይሆን አይቀርም እንግሊዝኛ የገባው፤ እ.ኤ.አ. በ1200 ገደማ የወንዝ ዳርቻ ይባልበት ነበር። ሌላው ቅርንጫፍ አግዳሚ ወንበር ሆነ። ጉብታ እንዴት መቀመጫ ይሆናል ለሚል፣ በገጠር ቤት ግድግዳ ሥር ከጭቃ ተደልድሎ የሚሠራውን መደብ ማሰብ ይበቃል። ጣሊያንኛም ቃሉን ከጀርመናውያን ወስዶ ለአግዳሚውና ለጠረጴዛው ስም አደረገው። በመካከለኛው ዘመን የጣሊያን ከተሞች ገንዘብ መንዛሪዎች ሳንቲም የሚቆጥሩት በዚህ ጠረጴዛ ላይ ስለነበር፣ የዕቃው ስም ለሥራው፣ የሥራው ስም ደግሞ ለተቋሙ ተላለፈ። እ.ኤ.አ. በ1407 ጄኖቫ ላይ የሳን ጆርጆ ባንክ ሲመሠረት ቃሉ ከጠረጴዛው አልፎ ነበር። እንግሊዝኛም በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ይህንኑ ትርጉም ከፈረንሳይኛና ከጣሊያንኛ ተቀበለ፤ የከሰረ ሰው የሚጠራበትም ቃል መነሻው ጣሊያንኛው «ባንካ ሮታ»፣ የተሰበረ ጠረጴዛ ነው። የሱቃችን ባንኮኒም የዚሁ የጣሊያንኛ ቃል ልጅ ነው፤ ዕቃ የሚሸጥበት ባንኮኒና ገንዘብ የሚቀመጥበት ባንክ አማርኛ ውስጥም የተገናኙ ዘመዳሞች ናቸው።

ዛሬ ተናጋሪው ዝምድናውን የማያውቀው ከሆነ ምን ይረባል የሚል ሊኖር ይችላል። ድምፅ ብቻ አይቶ ዘመድ ማበጀትም ያሳስታል፤ በእንግሊዝኛ «ባርክ» የዛፍ ቅርፊትም የውሻ ጩኸትም ነው፤ ሁለቱ ግን ምንም አይገናኙም። ሁለቱም ተቃውሞዎች እውነት አላቸው። መዛግብቱም ባንክን መክፈላቸው ስህተት አይደለም፤ ቃሉ የገባባቸው መንገዶች ሁለት ናቸውና። ይሁን እንጂ የባንክ ዝምድና በድምፅ ብቻ የተገመተ አይደለም፤ ከቋንቋ ቋንቋ የተጓዘበት ፈለግ ይታወቃል። ጥቅሙም ለተማሪ ግልጽ ነው፤ ክምርና ተዳፋት የሚለውን የያዘ ሰው አሸዋውን፣ ደመናውን፣ የተዳፈነውን ፍምና ያዘነበለውን አውሮፕላን ባንድ ጊዜ ይረዳል፤ ጠረጴዛውን የያዘ ደግሞ ገንዘቡን፣ ኪሳራውንና መተማመኑን። ትርጉሞችን አንድ በአንድ ከመሸምደድ ይልቅ የመጡበትን መንገድ መማር ይሻላል፤ የሚያያዘውን ከማይያያዘው የሚለየውም እርሱ ነው።