ዜናው ሊተኙ ሲሉ ሲደርስ፦ በገና፣ ትንፋሽና የሰንሪጅ ምሽት

አዲስ አበባ ላይ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሲሆን መሥሪያ ቤቶች ይከፈታሉ፣ መግለጫዎች ይወጣሉ፣ ሌሊቱን የደረሰው ሁሉ ይሰማል። በካናዳዋ ካልጋሪ ግን በዚያው ቅጽበት እንደ ወቅቱ ከምሽቱ 4 ወይም 5 ሰዓት ነው። በከተማዋ ሰሜን ምሥራቅ፣ በሰንሪጅ የገበያ ማዕከል ዙሪያ ባሉ ሰፈሮች ለሚኖር ኢትዮጵያዊ የአገሩ ዜና የሚደርሰው እንግዲህ ልጆቹን አስተኝቶ፣ የነገውን የሥራ ሰዓት አስቦ፣ ጎኑን ሊያሳርፍ ሲል ነው።

ዜናው ደግሞ የሩቅ ዜና አይደለም። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መጨረሻ በትግራይ ጦርነት ሲጀመር ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ግጭቱ ሲበረታም የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ። የእናቱን ድምፅ መስማት ያልቻለ ሰው በስልኩ ላይ ወሬ እያሳደደ ቢያነጋ ማን ይፈርድበታል? እንዲህ ላለ ሰው «ዜና አትከታተል» ማለት «ወገንህን እርሳ» እንደ ማለት ነው። ሊጠየቅ የሚገባው፣ እየተከታተለ እንዴት ጤናውን ሊጠብቅ እንደሚችል ነው።

ሳይንስ በዚህ ላይ የሚለው አለው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 በቦስተን ማራቶን ላይ ቦምብ ከፈነዳ በኋላ፣ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የኧርቫይን ቅጥር ግቢ ተመራማሪዎች የመሩት ጥናት 4,675 አሜሪካውያንን ጠየቀ። ከፍንዳታው በኋላ በነበረው ሳምንት በቀን ስድስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ስለ ጥቃቱ የሚያወሩ ዘገባዎችን የተከታተሉ ሰዎች፣ በስፍራው ወይም በአቅራቢያው ከነበሩት ይልቅ ከፍ ያለ የጭንቀት ምልክት ማሳየታቸውን ገለጹ። በቦታው የነበረ ሰው ፍንዳታውን አንድ ጊዜ አይቶታል፤ በስክሪን የሚከታተል ግን ያንኑ ፍንዳታ አሥር ጊዜ፣ መቶ ጊዜ ሊያየው ይችላል። የስልክ ገጽ ደግሞ ማብቂያ የለውም፤ ጣት በገፋው ቁጥር አዲስ ነገር ያቀርባል።

ሙዚቃ ግን ማብቂያ አለው፤ መካከሉ ላይም ፋታ አለው። የፋታን ጥቅም ጣሊያናዊው የልብ ሐኪም ሉቺያኖ በርናርዲና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጡት ጥናት አሳይተዋል። ለ24 ሰዎች ልዩ ልዩ ሙዚቃ አሰምተው የልብ ምታቸውን፣ የደም ግፊታቸውንና አተነፋፈሳቸውን ሲለኩ፣ ሰዎቹ ይበልጥ ዘና ያሉት በሙዚቃዎቹ መካከል በገባው የሁለት ደቂቃ ጸጥታ ሆኖ ተገኘ። ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2001 እኒሁ ተመራማሪ ባሳተሙት ጥናት፣ እየተደጋገመ የሚባል ጸሎት አተነፋፈስን በደቂቃ ወደ ስድስት ገደማ እንደሚያወርድና የልብን ምት ሥርዓት እንደሚያሲዝ አመልክተው ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። ረጅም ሐረግ የሚያዜም ሰው ትንፋሹን ቀስ ብሎ ያወጣል፤ ትንፋሽ በሚወጣበት ጊዜ ቬገስ የተባለው ነርቭ የልብን ምት ዝግ ያደርጋል።

አባቶቻችን በገናን ለዐቢይ ጾም ሲመርጡ የለኩት የልብ ምት አልነበረም፤ መሣሪያው ግን ለዚህ የተሠራ ይመስላል። አሥሩ አውታሮች በልማድ ከጅማት የሚሠሩ ናቸው። ከእያንዳንዱ አውታር ሥር ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ይገባል፤ አውታሩ ሲርገበገብ ቆዳውን እየነካ ስለሚሄድ ያ የታወቀው ንዝረት ይፈጠራል፤ ድምፁም ጨክኖ ሳይጮህ ክፍሉን ይሞላል። ድርዳራው ዝግ ያለ ነው፤ ዜማው የደርዳሪው ትንፋሽ እስኪመለስ ይጠብቃል። ሌላም ጥቅም አለው፦ በገና ያቀፈ ሰው ስልክ የሚይዝበት እጅ አይተርፈውም።

በቤት ውስጥ የሚዜም ሙዚቃ በክፉ ቀን ምን እንደሚያደርግ ከእማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ የበለጠ ምስክር ማግኘት ይከብዳል። በመጋቢት 2015 ዓ.ም. በኢየሩሳሌም በ99 ዓመታቸው ያረፉት ፒያኒስት፣ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ በሚገኘው የቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ እየመቱና እየዘመሩ በካሴት ይቀዱ ነበር። እነዚያ ቅጂዎች እ.ኤ.አ. በ2024 በአልበም ታትመው ወጥተዋል፤ ከመስኮቱ ውጭ የሚንጫጩት ወፎች ሳይቀሩ ይሰማሉ። እማሆይ በዚያ ክፍል ውስጥ የውጭውን መከራ አልካዱም፤ ስለ አገርና ስለ ስደት ዘመሩ። በዜማ የተቀመጠ ኀዘን መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ ሰው ሊሸከመው የሚችል ኀዘን ነው።

በገናም ሆነ ክራር የሌለው ሰው በተራ ኪቦርድ ሊጀምር ይችላል። ጥቁሮቹ ቁልፎች ሁለት ሁለትና ሦስት ሦስት ሆነው ተሰድረዋል። ከሦስቱ የመጀመሪያውን በግራ በኩል ይያዙና ጥቁሮቹን ብቻ ተከትለው አምስት ቁልፎች ወደ ላይ ይሂዱ፤ የሙሉ ትዝታን ቅኝት ያገኛሉ። አንድም ነጭ ቁልፍ እስካልነኩ ድረስ ከቅኝቱ አይወጡም። የአፓርትማው ግድግዳ ስስ ከሆነ የጆሮ ማዳመጫ ጎረቤትን ከመቀስቀስ ያድናል።

ዜናውም ሰዓቱ ይወሰንለት። ካልጋሪ ላይ ከሥራ መልስ ከአመሻሹ 12 ሰዓት ሲሆን ኢትዮጵያ ገና አልነጋም፤ የዕለቱ ወሬ ግን ተጠናቅቆ ይገኛል። በዚያ ሰዓት ግማሽ ሰዓት ሰጥቶ ከታመነ ምንጭ መስማት፣ ከዚያም ስልኩን ሌላ ክፍል አስቀምጦ ወደ መሣሪያው መሄድ ይቻላል። ቤተሰብ ለሚደውልበት ጥሪ ብቻ ድምፁ ክፍት ይሁን። ከወዲያ ማዶ ያለችው እናት ስትደውል የሚያስፈልጋት ወሬውን ሁሉ የሚያውቅ ልጅ ሳይሆን፣ ተኝቶ ያደረና የሚያረጋጋት ልጅ ነው።