አርተር ጉልድ፦ በስጦታ ቤት የተነሣው የራግቢ ጠብ

በ1897 በፋሲካ ማግስት፣ ሰኞ ዕለት፣ በደቡብ ዌልስ የወደብ ከተማ በኒውፖርት ወደ 250 የሚጠጉ እንግዶች ለአንድ የራግቢ ተጫዋች ክብር በተዘጋጀ እራት ላይ ታድመው ነበር። የዌልስ ራግቢ ማኅበር ፕሬዚዳንት ሰር ጆን ሉዌሊን ተነሥተው የአንድ ቤት ባለቤትነት ሰነድ ለተጫዋቹ አስረከቡ። ቤቱ የተገዛው ሕዝብ በሽልንግ በሽልንግ ባዋጣው ገንዘብ ነው። ተሸላሚው አርተር ጉልድ ይባላል። በዚህ ስጦታ ምክንያት ዌልስ በዚያ ሰዓት ከእንግሊዝ፣ ከስኮትላንድና ከአየርላንድ የራግቢ ማኅበራት ጋር ተቆራርጣለች።

ቤት መሸለም አገርን ከአገር እስከማጣላት የደረሰው ለምን ነው? ይህን ለመረዳት ሰውየውን፣ ጨዋታውንና ጨዋታው የሚተዳደርበትን ሕግ ማወቅ ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጨዋታው በአጭሩ

ራግቢ ዩኒየን 15 ለ 15 ሆነው በሞላላ ኳስ የሚጫወቱት ስፖርት ነው። ኳሱን በእጅ ይዞ መሮጥም በእግር መምታትም ይቻላል፤ በእጅ ማቀበል ግን የሚፈቀደው ወደ ጎን ወይም ወደ ኋላ ብቻ ነው። ኳሱን የተጋጣሚውን የመጨረሻ መስመር አሻግሮ መሬት ያስነካ ተጫዋች «ትራይ» አስቆጠረ ይባላል። ከትራይ በኋላ ቡድኑ ኳሱን በሁለቱ ቋሚዎች መካከል ከአግዳሚው በላይ በመምታት ተጨማሪ ነጥብ ያገኛል።

ከተጫዋቾቹ ገሚሶቹ ግዙፍና ጉልበተኞች ናቸው። ከፊት ተቃቅፈው እየተገፋፉ ኳስ ይነጥቃሉ። ፈጣኖቹ ደግሞ ከኋላ ተደርድረው ይጠብቃሉ፤ ኳስ ሲደርሳቸው ይሮጣሉ። አርተር ጉልድ ከእነዚህ ሯጮች አንዱ ነበር፤ በዘመኑ ደግሞ ከሁሉም የላቀው እሱ ነው የሚሉ ብዙዎች ነበሩ።

የኒውፖርቱ ልጅ

ጉልድ ጥቅምት 10 ቀን 1864 በኒውፖርት ተወለደ። አባቱ ከኦክስፎርድ ወደ ከተማዋ መጥተው የራሳቸውን የነሐስ ማቅለጫ ያቋቋሙ ሰው ናቸው። ልጁ ዛፍ ላይ መውጣት ስለሚወድ «ጦጣው» የሚል ቅጽል ስም ወጣለት፤ ስሙም ዕድሜ ልኩን አብሮት ኖረ። ቤተሰቡ የራግቢ ቤተሰብ ነበር። ከወንድሞቹ መካከል ቦብና በርት ለዌልስ ብሔራዊ ቡድን ተሰልፈዋል።

ለኒውፖርት ዋናው ቡድን መጀመሪያ የተጫወተው በ1882፣ በ18 ዓመቱ ነው። ቦታው የመጨረሻው ተከላካይ ነበር። በዚያ ዘመን የዚህ ቦታ ተጫዋች ሥራ ኳሱን ይዞ በተቻለ መጠን ርቆ እንዲሄድ መምታት ነው፤ አምበሉም «ምታው!» እያለ ይጮህበት ነበር። ወጣቱ ግን አልመታም። ኳሱን ይዞ ሮጠ፤ ሁለት ጊዜም ትራይ አስቆጠረ። ከዚያ ቀን በኋላ ክለቡ ከቡድኑ ሊያስወጣው የሚችልበት ምክንያት አላገኘም።

ለዌልስ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰለፈው በጥር 1885 በስዋንሲ ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ጨዋታ ነው። እስከ 1897 ድረስ 27 ጊዜ ተጫውቷል፤ በ18ቱ አምበል ነበር። ይህ የአምበልነት ክብረ ወሰን እስከ 1990ዎቹ አልተሰበረም። መተዳደሪያው የመንገድና የሕዝብ ግንባታ ሥራ ተቋራጭነት ነበርና እንጀራ ፍለጋ ወደ እንግሊዝ ከተሞች ተመላልሷል። በ1890 ደግሞ ለሥራ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ተጉዞ ከሜዳ ርቆ ቆይቷል። ራግቢ ክብር እንጂ ደመወዝ አይሰጥም ነበር።

አራተኛው ሯጭ

ጉልድ ገና ወጣት ሳለ ቡድኖች ዘጠኝ ገፊ ተጫዋቾችን ከፊት፣ ሦስት ሯጮችን ከኋላ ያሰልፉ ነበር። በ1884 የካርዲፍ ክለብ ፍራንክ ሃንኮክ የሚባል ተጫዋች በሌላ ሰው ምትክ አስገባ። ሃንኮክ እጅግ ግሩም ጨዋታ አሳየ። የቀድሞው ተሰላፊ ሲመለስ ክለቡ አንዳቸውንም መጣል ስላልፈለገ ከገፊዎቹ አንዱን ቀንሶ ሯጮቹን አራት አደረጋቸው። ካርዲፍ በ1885-86 የውድድር ዘመን ከመጨረሻው ጨዋታ በቀር ሁሉንም አሸነፈ።

ዌልስ ይህን አሰላለፍ በ1886 ከስኮትላንድ ጋር ሞክራው ነበር። የስኮትላንድ ዘጠኝ ገፊዎች ስምንቱን የዌልስ ልጆች ስለበለጧቸው ሙከራው በጨዋታው መሐል ተተወ። አሰላለፉ ፍሬ ያፈራው ከዓመታት በኋላ በጉልድ አምበልነት ነው። አራት ሯጭ የሚጠቅመው ኳስ ከእጅ ወደ እጅ በፍጥነት ሲተላለፍ ነው። ጉልድ በሩጫና በመሰናክል ዝላይ ውድድሮች ሽልማት ያገኘ አትሌት ስለነበረ ፍጥነቱ አያጠራጥርም፤ ክፍት ቦታ የማየት ችሎታም ነበረው።

በምድጃ የተሟሟቀው ሜዳ

ጥር 7 ቀን 1893 እንግሊዝ በካርዲፍ የዌልስ እንግዳ ነበረች። የዚያ ሳምንት ብርድ ሜዳውን ድንጋይ አድርጎታል። አዘጋጆቹ በዋዜማው ወደ 500 የሚጠጉ ማንደጃዎች ሜዳው ላይ ደርድረው 18 ቶን ያህል የድንጋይ ከሰል ሲያነዱ አደሩ። በማግሥቱ ሣሩ እዚህም እዚያም አመድ ለብሶ፣ ገሚሱ የሚያንሸራትት፣ ገሚሱ ጭቃ ሆኖ ጨዋታው ተጀመረ።

በዚያን ጊዜ ትራይ 2 ነጥብ፣ ከትራይ በኋላ የሚገባ ምት 3 ነጥብ፣ የቅጣት ምት ደግሞ 3 ነጥብ ያስገኛል። የመጀመሪያው አጋማሽ በእንግሊዝ የበላይነት አለቀ። ከዕረፍት መልስ ግን የእንግሊዝ ዘጠኝ ገፊዎች ሲደክሙ አራቱ የዌልስ ሯጮች ሜዳውን ያዙት። ጉልድ ራሱ ሁለት ትራይ አስቆጠረ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል እንግሊዝ 11 ለ 9 እየመራች ሳለ ዌልስ የቅጣት ምት አገኘች።

አምበሉ ጉልድ ኳሱ መሬት ላይ ተተክሎ እንዲመታ አዘዘ። መቺው ቢሊ ባንክሮፍት አልስማማም አለ። በዚያ መሬት ላይ ኳሱን ከእጁ ለቆ፣ መሬት ነክቶ ሲነሣ መምታት ይሻላል ባይ ነው። ሁለቱ በሺዎች በሚቆጠር ተመልካች ፊት ተከራከሩ፤ ጉልድ ተናዶ ኳሱን ጥሎ እንደሄደ ይነገራል። ባንክሮፍት በራሱ መንገድ መታ፤ ኳሱም በቋሚዎቹ መካከል አለፈ። ዌልስ 12 ለ 11 አሸነፈች። የነጥብ አቆጣጠሩ በየጊዜው ይቀያየር ስለነበረ ከተመልካቹ ብዙው አቻ የተለያዩ መስሎት ነበር ወደ ቤቱ የሄደው።

ዌልስ ቀጥላ ስኮትላንድን በኤድንብራ 9 ለ 0፣ አየርላንድን በላኔሊ 2 ለ 0 ረታች። አየርላንድን የጣለችውን ብቸኛ ትራይ ያስቆጠረው የአርተር ወንድም በርት ነው። ዌልስ በአንድ ዓመት ሦስቱንም ተጋጣሚዎቿን የማሸነፍን፣ «ትሪፕል ክራውን» የሚባለውን ክብር ለመጀመሪያ ጊዜ አገኘች። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹ አገሮችም አራት ሯጭ ማሰለፍ ጀመሩ፤ ዛሬም የራግቢ ዩኒየን አሰላለፍ በዚሁ መሠረት ላይ የቆመ ነው።

ገንዘብ የተከለከለበት ጨዋታ

ራግቢን ይመሩ የነበሩት የእንግሊዝ ሰዎች በብዛት ከሀብታም ትምህርት ቤቶች የወጡ ናቸው። ለእነሱ ስፖርት ለመዝናናት እንጂ ለገንዘብ አይደለም። ለተጫዋች ደመወዝ፣ ጉርሻም ሆነ ሌላ ክፍያ መስጠት «ፕሮፌሽናሊዝም» ተብሎ ተከልክሏል፤ ደንቡን የጣሰ ከጨዋታ ይታገዳል። በሰሜን እንግሊዝና በደቡብ ዌልስ ግን ብዙዎቹ ተጫዋቾች ማዕድን ቆፋሪዎች፣ የብረትና የመዳብ ፋብሪካ ሠራተኞች ነበሩ። ቅዳሜ ለመጫወት ሥራ የቀረ ሰው የቀኑን ደመወዝ ያጣል።

በ1893 የዮርክሺር ክለቦች ቢያንስ ይህ የቀረው ደመወዝ ይተካ ብለው ጠየቁ፤ የእንግሊዝ ማኅበር በድምፅ ብልጫ አልተቀበላቸውም። ነሐሴ 29 ቀን 1895 በሃደርስፊልድ ከተማ ከ20 በላይ የሰሜን ክለቦች ተገንጥለው የራሳቸውን ማኅበር አቋቋሙ። ዛሬ ራግቢ ሊግ የሚባለው ሌላ ስፖርት የተወለደው ከዚያ ስብሰባ ነው።

የቤቱ ጉዳይ

የጉልድ ነገር የተነሣው ይህ ቁስል ገና ሳይሽር ነው። በ1896 ጫማውን የሚሰቅልበት ጊዜ መቃረቡ ሲሰማ አንድ ደጋፊ በጋዜጣ ላይ ሕዝቡ መታሰቢያ ያዋጣለት ዘንድ ሐሳብ አቀረበ። ከሀብታምም ከድሃም አንድ አንድ ሽልንግ ይበቃል ተባለ። ገንዘቡ ከሁሉም አቅጣጫ ጎረፈና በኒውፖርት ክላይታ ፓርክ ሰፈር ቤት ለመግዛት በቃ።

ጨዋታውን በበላይነት የሚመራው ዓለም አቀፍ ቦርድ ግን ቤት ለተጫዋች መስጠት ክፍያ ነው ብሎ ተቃወመ። የዌልስ ማኅበር መጀመሪያ ፈቀደ፣ ከዚያ በግፊት አመነታ፤ በየካቲት 1897 ግን ቆርጦ ከቦርዱ ወጣ። ጉልድ የመጨረሻ የአገር ጨዋታውን ቀደም ብሎ በጥር ወር፣ በተወለደበት ከተማ፣ እንግሊዝን 11 ለ 0 አሸንፎ ጨርሶ ነበር። በዚያ ዓመት ዌልስ ከዚያ በኋላ ከአንድም አገር ጋር አልተጫወተችም።

ጠቡ እንዴት በረደ? እንግሊዝ ፈራች። የምዕራብ እንግሊዝ ክለቦች ከዌልስ ክለቦች ጋር ሲጋጠሙ ጥሩ የመግቢያ ገቢ ያገኙ ነበር፤ ዌልስ ተገፍታ ወደ ሰሜኖቹ ብትሄድ ደግሞ ማኅበሩ ዳግም ይሰነጠቃል። ስለዚህ በመስከረም 1897 የእንግሊዝ ማኅበር ጉልድ ደንቡን ጥሷል፣ ነገር ግን በልዩ ሁኔታ ይታለፍ ብሎ ወሰነ። ዌልስ በ1898 ወደ ቦርዱ ተመለሰች። ስኮትላንድ ግን እስከ 1899 ከዌልስ ጋር አልገጠመችም።

ሚዛኑ ለማን ያደላ ነበር?

ጉልድ ያንን ቤት ይገባዋል ባይ ነኝ። የሰጠው ሕዝብ ነው፤ የሰጠውም ወዶ ነው። ዝነኛው የክሪኬት ተጫዋች ደብልዩ ጂ ግሬስ አማተር እየተባለ በ1895 ከ9 ሺህ ፓውንድ በላይ ሲዋጣለት ታላቅ ክብር ተባለ እንጂ ማንም አልከሰሰውም።

ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን የጉልድ የቡድን ጓደኞች የነበሩት የኤቫንና የዴቪድ ጄምስ ታሪክ ነው። ሁለቱ ወንድማማቾች የስዋንሲ መዳብ ሠራተኞች፣ በችሎታቸውም የተደነቁ ነበሩ። በ1892 ከሰሜን እንግሊዝ ክለብ ገንዘብ ተቀበላችሁ ተብለው ታገዱ። በ1896 ምሕረት ተደረገላቸውና በጥር 1899 እንግሊዝን 26 ለ 3 ባሸነፈው የዌልስ ቡድን ውስጥ ተሰለፉ። ብዙም ሳይቆዩ ቤተሰባቸውን ይዘው ክፍያ ወደሚያገኙበት ወደ ሰሜን ሄዱ። ለእነሱ ቤት ያዋጣ አልነበረም፤ ደንቡንም ሳይቀጣቸው በልዩ ሁኔታ ያለፈላቸው የለም። የራሱ ሥራና ገቢ ለነበረው አምበል የታጠፈው ሕግ ለቀን ሠራተኞቹ አልታጠፈም።

ጉልድ ከጨዋታ ከወጣ በኋላ ዳኛና የብሔራዊ ቡድን መራጭ ሆኖ ስፖርቱን አገለገለ፤ መተዳደሪያው በአንድ የቢራ ፋብሪካ ወኪልነት ነበር። ሥራ ላይ ሳለ ታሞ ጥር 2 ቀን 1919 በ54 ዓመቱ ዐረፈ። በኒውፖርት ለቀብሩ የወጣው ሕዝብ ዌልስ እስከዚያ ጊዜ ካየችው ሁሉ የበዛ እንደነበር ተዘግቧል።

ራግቢ ዩኒየን ለተጫዋቾች ክፍያን በይፋ የፈቀደው በነሐሴ 1995 ነው፤ ሰሜኖቹ ከተገነጠሉ ልክ በመቶ ዓመቱ። በዚያ መቶ ዓመት ውስጥ የተሻለ እንጀራ ፍለጋ ወደ ሊጉ የተሻገሩ የዌልስ ተጫዋቾች ብዙ ናቸው፤ እንደተሻገሩም በዩኒየኑ በር ይዘጋባቸው ነበር። የኒውፖርት ሕዝብ በ1896 ሽልንጉን ሲያዋጣ የፈረደው ፍርድ ትክክል ነበር፦ አገርን ያኮራ ሰው ድካሙ ዋጋ አለው። የስፖርቱ አለቆች ይህንኑ ፍርድ ለአምበሉ ብቻ ሳይሆን ለመዳብ ሠራተኞቹም ቢቀበሉት ኖሮ ጨዋታው ለሁለት ተከፍሎ ባልቀረ ነበር ብዬ አምናለሁ።