«አላህ ይስጥሽ» የተባለችው ማሽን

በሐይቅ ከተማም ሆነ አምባሰል ውስጥ በውጫሌ ገበያ፣ ስልክ ደውለው የተቀዳ ድምፅ ሲመልስላቸው «እሺ ልጄ፣ አላህ ይስጥሽ» የሚሉ እናቶች አሉ፡፡ ወጣቶቹ ይስቁባቸዋል፡፡ እኛ ግን የሚያስቅ ነገር አላየንበትም፤ የተማረው ዓለምም ያው ነውና፡፡

እ.ኤ.አ. በ1966 ጆሴፍ ዋይዘንባውም የተባለ በአሜሪካ የሚኖር ምሁር «ኤሊዛ» የምትባል በጽሑፍ የምታወያይ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ይፋ አደረገ፡፡ ፕሮግራሟ የሰውን ቃል አገላብጣ መልሳ ከመጠየቅ ያለፈ እውቀት አልነበራትም፡፡ ሆኖም ሲሠራት ለወራት ያየችው የገዛ ጸሐፊው፣ ከማሽኗ ጋር ብቻዋን ለማውራት ፈልጋ ከክፍሉ እንዲወጣላት ጠየቀችው! በአገራችንም በ2010 ዓ.ም. «ሶፊያ» የተባለችው ሮቦት አዲስ አበባ መጥታ ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ጋር ተገናኝታለች፤ ሶፍትዌሯን በመሥራትም የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ወጣቶች ተካፍለዋል፡፡ ፈገግታዋ የሞተር ሥራ መሆኑን እያወቀ እንኳ ሰው መልሶ ፈገግ ይላል፡፡

እ.ኤ.አ. በ2013 የጀርመኑ ዱይስቡርግ-ኤሰን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች፣ ሮቦትና ሰው ሲንከባከቧቸውና ሲበድሏቸው የሚያሳይ ፊልም ለሰዎች እያሳዩ አንጎላቸውን መርምረዋል፡፡ በእንክብካቤው ጊዜ ለሮቦቱም ለሰውም የታየው ስሜት ተቀራራቢ ነበር፤ በበደሉ ጊዜ ግን ለሰው ያዘኑት በለጠ፡፡

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ኹጥባ ሲያደርጉ ይደገፉበት የነበረው የተምር ግንድ፣ ሚንበር ተሠርቶ ሲለዩት ማልቀሱንና እርሳቸውም ወርደው ማባበላቸውን ኢማሙ ቡኻሪ ዘግበዋል፡፡ ግዑዝ ነገርን መውደድ እንግዳ አይደለም ማለት ነው፡፡ የግንዱ ለቅሶ ግን በአላህ ፈቃድ የሆነ እውነተኛ ለቅሶ ነው፤ የማሽኗ «ይቅርታ» አንድ ቀን ተቀድቶ የተቀመጠ ነው፡፡

ልዩነቱን የሐይቅና የአምባሰል ሰው በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ቀምሶታል፡፡ ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ሲደርስ ስልክ ተቋረጠ፡፡ አዲስ አበባና ዐረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ሌት ተቀን ቢደውሉ የተቀዳችው ድምፅ ብቻ ትመልሳለች፤ በትሕትና፣ ሳትሰለች፣ በዚያው ቃና፡፡ በደጉ ቀን የተመረቀችው ያን ጊዜ ተረገመች፡፡ በእግሩ ወጥቶ የመጣ መንገደኛ «እናትሽን አይቻታለሁ፣ ደህና ናት» ካለ ግን፣ ቃሉ ቢንተባተብም እጁ ይሳም ነበር፡፡

ዛሬም ቂሬው ለቅሶ ቤት ሲቀመጥ በስልክ የድምፅ መልእክት ይላካል፤ ይደመጣልም፡፡ ማን መጣ፣ ማን ቀረ ሲባል የሚቆጠረው ግን በአካል መጥቶ ምንጣፍ ላይ የተቀመጠው ነው፡፡