አንድ ሰርቨር ለብዙ ክፍሎች አድራሻ የሚያድልበት ሥርዓት

በንግድ ቤት ውስጥ የሚሠሩ ኮምፒዩተሮች፥ የማተሚያና የካርድ መክፈያ መሣሪያዎች በመረብ ተገናኝተው መልእክት እንዲለዋወጡ ለእያንዳንዳቸው በቁጥር የሚጻፍ አድራሻ ያስፈልጋቸዋል። ይህም አይ ፒ አድራሻ ይባላል። አንድ ቁጥር ለሁለት መሣሪያዎች ቢሰጥ፥ አንድ የፖስታ ሣጥን ለሁለት ደንበኞች እንደ ማከራየት ያህል ስለ ሆነ የሁለቱም ሥራ ይሰናከላል።

መሣሪያዎቹ አምስት ወይም ስድስት ብቻ ሲሆኑ ቁጥሩን በእጅ መስጠት አያስቸግርም። ሲበዙ ግን ስሕተት መግባቱ ስለማይቀር፥ አድራሻን በራሱ የሚያድል ሰርቨር ማቆም የተለመደ ሆኖአል። ይህ አሠራር ዲ ኤች ሲ ፒ የተባለው ሲሆን ደንቡ በመጀመሪያ የወጣው በ1993 እ.ኤ.አ. ነው። አዲስ የተከፈተ መሣሪያ አድራሻ የሚሰጠው ማን እንደ ሆነ በመረቡ ላሉት ሁሉ ጥሪ ያሰማል፤ ሰርቨሩም ቁጥር ያቀርብለታል። ቁጥሩ የሚሰጠው በኪራይ እንጂ በርስትነት አይደለም። የኪራዩ ጊዜ እኩሌታው ሲያልፍ መሣሪያው እንዲታደስለት ይጠይቃል፤ ሳይታደስ የቀረው ቁጥር ለሌላ ይሰጣል።

ችግሩ የሚነሣው ንግድ ቤቱ መረቡን ሲከፋፍል ነው። ሱቁን ከሒሳብ ክፍልና ከመጋዘን መለየት ለጥንቃቄ የሚበጅ ነው፤ ነገር ግን በክፍሎቹ መካከል የሚቆመው ራውተር ለሁሉ የሚሰማውን ጥሪ ወደ ሌላው ክፍል አያሳልፍም። ሰርቨሩ በጽሕፈት ቤቱ ከሆነ የመጋዘኑ መሣሪያ መልስ ያጣል ማለት ነው። ብዙዎቹ ኮምፒዩተሮች በዚህ ጊዜ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር ለራሳቸው ይይዛሉ፤ ይህ ቁጥር ሲታይ ሰርቨሩ እንዳልተገኘ ምልክት ነው።

ለዚህ መፍትሔው በየክፍሉ ሰርቨር መግዛት ሳይሆን፥ ራውተሩ አቀባይ ሆኖ እንዲያገለግል ማዘዝ ነው። አቀባዩ ጥሪውን ተቀብሎ፥ በዚያ ክፍል ያለውን የራሱን አድራሻ ጽፎበት በቀጥታ ወደ ሰርቨሩ ይልከዋል። ሰርቨሩም ያንን አድራሻ አይቶ ጥያቄው ከየትኛው ክፍል እንደ መጣ ያውቃል።

ስለዚህ በሰርቨሩ ላይ ለእያንዳንዱ ክፍል የተለየ ዝርዝር መመዝገብ አለበት። ለምሳሌ ጽሕፈት ቤቱ በ192.168.10፥ መጋዘኑ በ192.168.20፥ ሱቁ በ192.168.30 የሚጀምሩ 254 ቁጥሮች እያንዳንዳቸው ሊኖሯቸው ይችላሉ። ከነዚህም ጥቂቶቹ ለማተሚያ መሣሪያዎች በቋሚነት ይጠበቃሉ። በየዝርዝሩ የዚያው ክፍል መውጫ የሆነው ራውተር አድራሻ መጻፍ አለበት፤ የመጋዘኑ ዝርዝር የጽሕፈት ቤቱን መውጫ ከያዘ መሣሪያዎቹ አድራሻ እያላቸው ከክፍላቸው ውጭ መገናኘት አይችሉም።

የኪራዩም ዘመን መታሰብ ይገባዋል። ለጽሕፈት ቤት ጥቂት ቀናት የሚስማማ ሲሆን፥ የደንበኞች ስልክ ለሚመላለስበት ሱቅ ግን ጥቂት ሰዓት ይበቃል። አለዚያ በበዓል ዋዜማ ገበያው ሲደራ 254ቱ ቁጥሮች ሄደው ባለቀቁ እንግዶች ስም ተይዘው፥ የካርድ መክፈያው መሣሪያ አድራሻ ሊያጣ ይችላል። የክፍያ መሣሪያዎችን ከእንግዶች መረብ መለየት ከሁሉ ይሻላል።

ሰርቨሩ አንድ ብቻ ሲሆን ቢበላሽ፥ ኪራያቸው ያላለቀ መሣሪያዎች ሥራቸውን ይቀጥላሉ፤ አዲስ የሚከፈቱት ግን አድራሻ አያገኙም። ስለዚህ ሁለተኛ ተጠባባቂ ሰርቨር ማዘጋጀት ተገቢ ነው። ሠራተኞችም ከገበያ የተገዛ ትንሽ ራውተር ያለ ፈቃድ እንዳይሰኩ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ እርሱ ራሱ የማይሆን አድራሻ ማደል ይጀምራልና።

እንግዲህ ነጋዴው ለባለሙያው ሒሳቡን ከመክፈሉ በፊት የየክፍሉን የአድራሻ ዝርዝር በጽሑፍ ይረከብ፤ በጽሕፈት ቤቱ፥ በመጋዘኑና በሱቁ አንድ አንድ ኮምፒዩተር አስከፍቶም እያንዳንዱ የክፍሉን ቁጥር ማግኘቱን በዓይኑ ይመልከት። በጽሕፈት ቤቱ ብቻ የተደረገ ሙከራ የአቀባዩን ሥራ አያረጋግጥም።