አይጥን ከመኖሪያ ቤትና ከእህል ጎተራ መከላከል፦ ከመርዝ በፊት መከናወን ያለባቸው ተግባራት

የመኸር ሰብል ተሰብስቦ ማሳው ባዶ በሚሆንበት ወቅት ምግብና መጠለያ ያጡ አይጦች ወደ መኖሪያ ቤቶች፣ ወደ ማድ ቤቶችና ወደ ጎተራዎች ይገባሉ። አይጦች እህል ከመብላታቸው ባሻገር ቀሪውን በሽንታቸው፣ በዓይነ ምድራቸውና በፀጉራቸው ይበክላሉ። እንደ ሌፕቶስፓይሮሲስና በቁንጫ አማካይነት እንደሚተላለፈው ታይፈስ ያሉ በሽታዎችንም ወደ ሰው ያስተላልፋሉ።

ችግሩ ሲያጋጥም ብዙ ቤተሰቦች አስቀድመው የሚያስቡት መርዝ መግዛትን ነው። ይሁን እንጂ መግቢያው ክፍት እስከሆነ ድረስ በሞቱት ምትክ ሌሎች ይገባሉ። የአይጥ የእርግዝና ጊዜ ሦስት ሳምንት ገደማ በመሆኑም ቁጥራቸው በአጭር ጊዜ ወደ ነበረበት ይመለሳል። በመሆኑም ትክክለኛው ቅደም ተከተል መግቢያን መድፈን፣ ምግብና መጠለያ ማሳጣት፣ በወጥመድ መያዝ፣ በመጨረሻም አስፈላጊ ሆኖ ከተገኘ ብቻ መርዝን በጥንቃቄ መጠቀም ነው።

መግቢያን መለየትና መድፈን

ትንሿ የቤት አይጥ 6 ሚሊ ሜትር በሚሆን፣ ማለትም የእርሳስ ውፍረት በሚያህል ክፍተት ማለፍ ትችላለች። ለትልልቆቹ አይጦች ደግሞ 12 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ሊበቃ ይችላል። ስለሆነም ቤቱን በቀን ብርሃን ከውጭም ከውስጥም ዞሮ መመርመር ያስፈልጋል። በተለይ የበር ሥር፣ የቆርቆሮ ጣሪያው ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ የውኃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ገመድ የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎች እንዲሁም የተሰነጠቀ የጭቃ ግድግዳ ሊታዩ ይገባል። የጥርስ ምልክትና በግድግዳ ላይ የሚታይ ጥቁር የቅባት ዱካ አይጦች የሚመላለሱበትን መስመር ያመለክታሉ።

የአይጥ የፊት ጥርሶች ዕድሜ ልኳን ስለሚያድጉ ዘወትር ትቦረቡራለች፤ በጨርቅ፣ በፕላስቲክ ወይም በጭቃ ብቻ የተደፈነ ቀዳዳም አያግዳትም። ትናንሽ ቀዳዳዎችን የዕቃ መፈግፈጊያ ሽቦ ጠቅጥቆ ላዩን በሲሚንቶ መምረግ፣ ለአየር መግቢያዎች ጠንካራ የሽቦ ወንፊት መግጠም፣ ከበር ሥር ደግሞ የቆርቆሮ ቅጠል መምታት ይመከራል።

ጎተራንና አካባቢን ማስተካከል

ጎተራ ከመሬት 1 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በእግሮች ላይ ቢቆምና በእያንዳንዱ እግር ላይ የተገለበጠ ቆብ የመሰለ ቆርቆሮ ቢገጠም አይጥ ወደ ላይ መውጣት ይቸግራታል። ሆኖም በጎተራው ላይ የተደገፈ መሰላል፣ እንጨት ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ካለ ይህ ሁሉ ድካም ከንቱ ይሆናል። በጆንያና በፕላስቲክ ከረጢት የተቀመጠ እህል በቀላሉ ስለሚቦረቦር በቤት ውስጥ ለሚቀመጥ እህል ክዳኑ የሚገጥም የብረት ዕቃ የተሻለ ነው። የገለባና የማገዶ ክምር ከቤት ራቅ ማለት፣ የምግብ ትራፊም ለሌሊት ሜዳ ላይ መተው የለበትም።

ድመትና ጉጉት አይጥ አዳኞች ናቸው። ጉጉትን በመጥፎ ገድነት በመጠርጠር መግደል አርሶ አደሩን የሌሊት ዘበኛውን ማሳጣት ነው።

ወጥመድና ጽዳት

አይጥ ግድግዳ ተጠግታ ስለምትሄድ ወጥመዱ ማባበያ ያለበት ጫፉ ወደ ግድግዳው ዞሮ መቀመጥ ይኖርበታል። የሞተችን አይጥ በባዶ እጅ መንካት አይገባም፤ በጓንት ወይም በፌስታል ይዞ መቅበር ያስፈልጋል። ዓይነ ምድሯን በደረቁ መጥረግም ብናኙን ወደ አየር ስለሚያነሣ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውኃ በጥብጦ ማርጠብና ከ5 ደቂቃ በኋላ በጨርቅ ማንሣት ተገቢ ነው።

መርዝን በተመለከተ

በሕግ መሠረት ፀረ ተባይ መድኃኒት ጥቅም ላይ የሚውለው ተመዝግቦ ሲፈቀድ ነው። ስለዚህ መለያ ጽሑፍ የሌለውን ወይም በብልቃጥና በወረቀት ተከፋፍሎ የሚሸጥ መርዝ መግዛት አይገባም። መርዝን ከእንጀራ ወይም ከዳቦ ጋር ለውሶ ሕፃናትና የቤት እንስሳት በሚደርሱበት ቦታ ማስቀመጥ ለሞት ያደርሳል።

ለእህል ነቀዝ የሚውሉት የአሉሚኒየም ፎስፋይድ ክኒኖች ከአየር እርጥበት ጋር ሲገናኙ ፎስፊን የተባለ ገዳይ ጋዝ ይለቃሉ። እነዚህን ክኒኖች ሰው በሚያድርበት ቤትም ሆነ በግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ ማስቀመጥ ፈጽሞ የተከለከለ ተግባር ሊሆን ይገባል።

መርዝ የዋጠ ሰው ሲያጋጥም ወተት በማጠጣት ወይም በማስታወክ ጊዜ ማባከን አይገባም። የመርዙን መያዣ ይዞ ወዲያውኑ ወደ ቅርብ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፤ ሕክምናው እንደ መርዙ ዓይነት ይለያያልና።

ምክርና ድጋፍ ለማግኘት

በገጠር የሚኖሩ ተገልጋዮች የቀበሌያቸውን የግብርና ልማት ሠራተኛ፣ ከጤና ጋር ለተያያዘ ጉዳይ ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ማነጋገር ይችላሉ። ጉዳቱ የታየበትን ቦታና ጊዜ እንዲሁም ቀደም ሲል ጥቅም ላይ የዋለ መርዝ ካለ ስሙን መግለጽ ተገቢውን ምክር በፍጥነት ለመስጠት ያግዛል። የአንድ ቤት መደፈን አይጦችን ወደ ጎረቤት ሊያሻግር ስለሚችል ሥራው በመንደር ደረጃ በአንድነት ቢከናወን ውጤቱ ዘላቂ ይሆናል።