ከጀርባ ወደ ጎማ
ተገልባጭ ጋሪ በቤት ስለ መሥራት

(በሬዲዮ ከተሰጡት ትምህርታዊ ንግግሮች አንዱ)



ዛሬ የምንነጋገርበት ጉዳይ ከጽሕፈት ቤት ጠረጴዛ የራቀ ይመስላል። እርሱም ጭነት ይዞ ሄዶ፣ በደረሰበት ስፍራ ሣጥኑን ወደ ኋላ በመድፋት ጭነቱን በአንድ ጊዜ የሚያራግፍ የባለ ሁለት ጎማ ጋሪ አሠራር ነው። በሌሎች አገሮች ገበሬዎች ይህን የመሰለውን ተጎታች በራሳቸው እጅ እየሠሩ፣ በትንሽ ባለ አራት ጎማ ሞተር ይስቡታል። በእኛ አገር ሞተሩም ነዳጁም ውድ ስለ ሆነ፣ ጋሪውን የሚስበው ብዙውን ጊዜ አህያ ነው። ይሁን እንጂ የሚዛኑ ሕግ ለሁለቱም አንድ ነው። ምሳሌያችንን ከወላይታ የወሰድነው፣ ይህ ጋሪ የሚያቃልለው ችግር በዚያ ጎልቶ ስለሚታይ ነው።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል የአስተዳደር መቀመጫ የሆነችው ወላይታ ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። በመሥሪያ ቤቶቿ ከሚሠሩት ብዙዎቹ የወላጆቻቸው ቤት በአካባቢዋ ገጠር ይገኛል፤ ስለዚህም የምንናገረውን በዓይናቸው ያውቁታል። በወላይታ ገበሬ ይዞታ ላይ፣ ከቤቱ አጠገብ ያለው ለም ማሳ ዳርኳ ይባላል። እንሰቱ፣ ቡናው፣ ጎመኑና ጎደሬው የሚያምረው በዚያ ነው። ከቤት ራቅ ብሎ በቆሎ ወይም ስኳር ድንች የሚዘራበት መሬት ደግሞ ሾቃ ይባላል፤ ይህኛው ዓመት በመጣ ቁጥር እየከሳ የሚሄድ ነው።

ለመሆኑ ሁለቱን ምን ለያያቸው? አፈሩ ብዙ ጊዜ ያው ቀይ አፈር ነው። ልዩነቱን ያመጣው ፍግ ነው። ከብቶቹ የሚያድሩት ከቤተ ሰቡ ጋራ በአንድ ጣሪያ ሥር ሲሆን፣ ጧት ጧት የሚጠረገው ፍግ ከእንሰቱ ሥር ይፈስሳል። ወደ ሩቁ ማሳ የሚሻገረው ግን በቅርጫት በሰው ጀርባ ወይም በሰው ራስ ላይ ሆኖ ስለ ሆነ፣ እምብዛም ሳይደርስ ይቀራል።

ይህን በቍጥር እንየው። ከቤት 400 ሜትር ርቆ የሚገኝ የሩብ ሄክታር ማሳ አለ እንበል። ለሄክታር 50 ኩንታል ፍግ ቢታሰብለት፣ ይህም መጠነኛ የሚባል ነው፣ ለማሳው 1,250 ኪሎ ያስፈልገዋል። አንዲት እናት በአንድ ጊዜ 25 ኪሎ ብትሸከም 50 ጊዜ መመላለስ አለባት። ደርሶ መልሱ 800 ሜትር ነውና፣ በጠቅላላው 40 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች፤ ከዚህም ግማሹን ሸክም እንደ ያዘች ነው። አሁን የምንገልጸው ጋሪ ግን ያንኑ ፍግ በአምስት ምልልስ ያደርሰዋል።

ከ1962 ዓ.ም. ጀምሮ በሶዶ ይሠራ የነበረውና ዋዱ በሚለው አጭር ስም የሚታወቀው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ለገበሬው ምርጥ ዘርና የፋብሪካ ማዳበሪያ በብድር ያቀርብ ነበር። የፋብሪካው ማዳበሪያ ጥቅሙ የታወቀ ነው፤ ለማጓጓዝም ቀላል ነው። ነገር ግን በ2014 ዓ.ም. ዋጋው በዓለም ገበያ እጅግ በናረ ጊዜ እንደ ታየው፣ በገንዘብ ብቻ የሚገኝ ነገር ሁልጊዜ አይጨበጥም። ፍግ ደግሞ አፈሩን ያለሰልሳል፤ ውሃም እንዲይዝ ያደርገዋል። በየቤቱም አለ። የጎደለው ማጓጓዣው ነው።

እንግዲህ ወደ አሠራሩ እንለፍ።

አንደኛ፣ እግሩ። ጋሪው የሚቆመው ከአሮጌ መኪና በተነቀለ አክስል፣ ማለት ሁለቱን ጎማዎች በሚያያይዘው ብረት ላይ ነው። ጎማዎቹ እኩል ቁመት ያላቸው፣ ቸርኬያቸው ያልተጣመመ መሆን አለበት። ከመግዛታችሁ በፊት ጎማውን ከመሬት አንሥታችሁ በእጃችሁ አሽከርክሩት፤ ከተንገጫገጨ ወይም ከተንቀጫቀጨ ኩሽኔታው ያለቀ ነው። በየጊዜው ግሪስ የማያገኝ ኩሽኔታ የአህያዪቱን ድካም ያበዛል።

ሁለተኛ፣ ሣጥኑ። ለአንድ አህያ ርዝመቱ 120፣ ወርዱ 100፣ ቁመቱ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ሣጥን ይበቃል። ከጠንካራ ጣውላ ሊሠራ ይችላል፤ ወለሉ በላሜራ ቢለበጥ ፍጉ ሳይጣበቅ ይንሸራተታል። ይህ ሣጥን እስከ አፉ ፍግ ቢሞላ ወደ 290 ኪሎ ይይዛል። ነገር ግን እርጥብ አፈር ወይም አሸዋ ቢሞላበት ከ750 ኪሎ ያልፋል፤ ይህም አህያዪቱን ይጎዳል፤ አክስሉንም ያጎብጣል። ስለዚህ ከወለሉ 15 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በሣጥኑ ውስጥ ዙሪያውን ቀይ ቀለም ይሠመር። አፈርና አሸዋ ከዚያ መስመር አይለፍ። የተጻፈ ደንብ ካላነበበ ሠራተኛም ጋራ ቀዩ መስመር ይግባባል።

ሦስተኛ፣ ማጠፊያው። የሥራው ቁልፍ ይህ ነው። ሣጥኑ ከሥሩ ባለው የጋሪ አልጋ ላይ ተቀምጦ፣ በአክስሉ ትክክል በሁለት ጠንካራ ማጠፊያዎች ይያያዛል። በእኩል የተጫነ ጭነት የክብደቱ ማእከል የሣጥኑ እኩሌታ ስለ ሆነ፣ በእኛ ልክ ከፊተኛው ጫፍ 60 ሴንቲ ሜትር ላይ ይውላል። ማጠፊያው ከዚህ 6 ሴንቲ ሜትር ብቻ ወደ ኋላ ራቅ ይበል፤ ማለት ከፊት ጫፉ 66 ሴንቲ ሜትር ላይ ይሁን። ሣጥኑና ፍጉ በአንድነት 330 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ከፊት ጫፉ ይዞ ለማንሣት የሚጠይቀው ኀይል 30 ኪሎ ያህል ነው፤ ይህንም አንድ ሰው ይችለዋል። ማጠፊያው 80 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆን ግን 82 ኪሎ ይጠይቃል፤ ይህ ለሁለት ጎልማሶችም ከባድ ነው። ማጠፊያው ከማእከሉ ወደ ፊት ቢያልፍ ደግሞ ሣጥኑ በየጉድጓዱ ራሱን ለመድፋት ይታገላል፤ የጋሪውም መሳቢያ ዘንጎች ወደ ላይ ተነሥተው የአህያዪቱን ሆድ ያንቃሉ። በብየዳ ቤት ሥራውን የምታሠሩ ከሆነ፣ ሜትሩን ይዛችሁ ይህችን ልክ ራሳችሁ ተቆጣጠሩ።

ማጠፊያው ከመሬት ከ45 ሴንቲ ሜትር እንዳያንስም ተጠንቀቁ። ፍግ በደንብ እንዲወርድ ሣጥኑ 45 ዲግሪ ያህል ማዘንበል አለበት፤ ያን ጊዜ የኋላ ጫፉ ከማጠፊያው ወደ 38 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ይላል። ማጠፊያው ዝቅተኛ ከሆነ ጫፉ ቀድሞ መሬት ይነካና ጭነቱ ግማሹ ሳይራገፍ ይቀራል።

አራተኛ፣ መቀርቀሪያው። ጋሪው ዳገት ሲወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ስለዚህ ሣጥኑን ከፊት በኩል ከአልጋው ጋራ የሚይዝ የብረት መቀርቀሪያና፣ እርሱ ቢከዳ የሚተካ ሰንሰለት የግድ ያስፈልጋል። የሣጥኑ የኋላ መዝጊያ ከላይ ተንጠልጥሎ ከታች የሚከፈት ይሁን። በሚደፋበት ጊዜ ሣጥኑ ጥቂት እንደ ተነሣ የቀረውን በራሱ ክብደት ስለሚጨርሰው፣ ሰው በተለይም ልጅ ከኋላ ፈጽሞ አይቁም። ሣጥኑ ተነሥቶ ሳለ ከሥሩ እጁን የሚያስገባ ካለ አስቀድሞ ደጋፊ እንጨት ያቁምበት።

አምስተኛ፣ መንገዱ። ጋሪው ከነጭነቱ 400 ኪሎ ቢሆን፣ በደልዳላና ጠንካራ መንገድ ለመሳብ 16 ኪሎ ያህል ኀይል ይበቃዋል። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ግን 40 ኪሎ ይጨመርበትና 56 ይሆናል። ይህ የአንዲት አህያ ክብደት ግማሽ ሊጠጋ ነውና ልትችለው አትችልም። በዳሞታ ጎን ያለው መንገድ ደግሞ ሜዳ አይደለም። ስለዚህ ለዳገት ጭነቱን መክፈል ወይም ሁለት አህያ ማጣመድ ይገባል። በቍልቁለት ጋሪው አህያዪቱን እንዳይገፋት ጎማውን የሚጫን የእንጨት ፍሬን ይሠራለት። አህያ ሻኛ የላትምና በበሬ ቀንበር አትሳብም፤ የምትስበው በደረቷ ላይ በሚውል ሰፊና ለስላሳ ማሰሪያ ነው። ቀጭን ገመድ አንገቷን አንቆ ያቆስላታል።

በባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ወይም በሞተር የሚስብ ሰውም ይህንኑ የሚዛን ሕግ ይከተላል። ልዩነቱ የፍጥነቱ ነገር ነው። የሞተሩ ፍሬን የራሱን ክብደት ለማቆም የተሠራ ስለ ሆነ፣ ከሞተሩ የከበደ ተጎታች ፍሬን ሳይኖረው በቍልቁለት ቢነዳ ሞተሩን ገፍቶ ይገለብጠዋል።

አንባብያን ሆይ፤ ደመወዝተኛ ልጅ በየዓመቱ ለወላጆቹ ለማዳበሪያ መግዣ የሚልከው ገንዘብ የሚያስመሰግን ነው። ከዚያ ገንዘብ የአንዱን ዓመት ቀንሶ፣ ከጎረቤት ልጆች ጋራ አዋጥቶ አንድ ተገልባጭ ጋሪ ቢያሠራ ግን፣ ጥቅሙ ለብዙ ዓመት ይዘልቃል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጥ ነው። ጋሪው የጋራ በሆነ ጊዜ ግሪሱን የሚቀባ፣ ብሎኑን የሚያጠብቅና ተራ የሚያስጠብቅ አንድ ኀላፊ ከመካከላቸው ይመረጥ፤ የጋራ ዕቃ የሚበላሸው ባለቤት በማጣት ነውና።

በግብርና መሥሪያ ቤት የምትሠሩ ደግሞ፣ ስለ አፈር ለምነት ስታስተምሩ «ፍግ ተጠቀሙ» ከማለታችሁ በፊት ማሳው ከቤት ስንት ሜትር እንደሚርቅ፣ ፍጉንም ማን እንደሚሸከመው ጠይቁ። መልሱ «እናታችን ናት» የሚል ከሆነ፣ ምክራችሁ ከጋሪው ይጀምር።