ያውቁ ኖሯል? እንደ ምንጣፍ የሚጠቀለል ድንጋይ አለ

የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ስም ብዙውን ጊዜ ከወርቅ ጋር ቢነሣም ክልሉ የእብነ በረድም አገር ነው። የዳለቲና የማንኩሽ እብነ በረድ በውበቱ ይታወቃል። ከባድነቱ ግን አይጣል ነው! 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ንጣፍ በካሬ ሜትር 54 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። 200 ካሬ ሜትር የሕንጻ ፊት ለማልበስ 108 ኩንታል ድንጋይ ግድግዳው ላይ ይሰቀላል ማለት ነው።

ተጣጣፊው ድንጋይ ይህን ሸክም ያቀላል። ሥዕል ወይም ፕላስቲክ እንዳይመስልዎ፤ ፊቱ እውነተኛ ድንጋይ ነው። እንደ ሺስት ባሉ፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርበው በተፈጠሩ ድንጋዮች ላይ ሬዚን የተባለ ማጣበቂያና የፋይበርግላስ ጨርቅ ይለጠፋል። ሬዚኑ ሲደርቅ ጨርቁ ይሳባል፤ ስስ የድንጋይ ገጽም ይዞ ይላቀቃል። ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ በካሬ ሜትር 2 ኪሎ ግራም አካባቢ ነው። ያው 200 ካሬ ሜትር ወደ 4 ኩንታል ይወርዳል። ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ለምትርቀው የክልሉ ዋና ከተማ አሶሳ ይህ በጭነት ዋጋ ትልቅ ልዩነት ነው።

እብነ በረድ ንብርብር ስለሌለው እንዲህ በቀላሉ አይላጥም። ሰው ለሚረግጠውና ዕቃ ለሚጋጨው የምድር ቤት የአካባቢው እብነ በረድ ይሻላል፤ ስሱ ድንጋይ ለላይኞቹ ፎቆች ይሁን።

ሲገዙ ለውጭ ግድግዳ የተዘጋጀውን ይጠይቁ። ልስኑም በደንብ ሳይደርቅ አያስለጥፉ።